ለወፌ የተሰፋው ዥዋዥዌ

በሰፈሩ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። «ሸራ ሰፊዋ» ካሉ በቃ፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ማን እንደሆነች ያውቃል። የጭነት መኪና ልብስ፣ የሱቅ በረንዳ ጥላ፣ የድንኳን ጣሪያ፣ ብቻ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራ ነገር ሁሉ የሚለብሰውን የምትሰፋለት እሷ ናት። ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። አባቷ ወንድ ልጅ ሲጠብቅ እሷ መጣች፤ ደግሞ ሲጠብቅ እህቷ መጣች፤ ከዚያ በኋላ መጠበቁን ተወና መርፌውን ለትልቋ አስጨበጣት። ሸራ እንደ ሌላ ጨርቅ በልምምጥ አይታጠፍም፤ ታግሎ ማሳመን ይጠይቃል። እሷም ስትታገለው ኖራ ክንዷ የድንጋይ ፈላጭ ክንድ መሰለ። ሾፌሮቹ «እትዬ» ይሏታል። «ዕድሜዬን አክብረው እንዳይመስላችሁ፤ ምላሴን ፈርተው ነው» ትላለች።

አላገባችም። ለምን እንደሆነ ለሚጠይቃት ሰው መልሷ እንደ ቀኑ ይለያያል። ደስ ያላት ቀን «ልኬን የያዘ አልመጣም» ትላለች፤ የከፋት ቀን «እስቲ ያንን መቀስ አቀብለኝ» ብላ ወሬውን ትቆርጠዋለች። የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እህቷን ለትዳር ያበቃትም ይኸው ሸራ ነው፤ አንድ የረጅም መንገድ ሾፌር የመኪናውን ልብስ ሊያሰፋ መጣ፣ ልብሱ ካለቀም በኋላ ሲመላለስ፣ ሲመላለስ፣ ኋላ ጉዳዩ ሸራ እንዳልሆነ ገባቸው። ሰውየው ደግ ነው፤ ግን ቤቱ ካደረበት ቀን መንገድ ያደረበት ይበልጣል። ስለዚህ ልጅ ስትወለድ ያሳደጓት ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው።

ልጅቷ የተወለደችው በጭንቅ ነው። ምጡ ረዘመ፤ ስትወጣም ቶሎ አላለቀሰችም። ዓመት ሊሞላት ሲል አክስቷ ለሌሎች ልጆች እንደሚደረገው ብብቷን ይዛ አቆመቻትና «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» አለቻት። እግሮቿ እንደ መቀስ ተጠላለፉ እንጂ መሬት አልያዙም። በሚቀጥለውም ወር አለቻት፤ ከዚያ በኋላም አለቻት። በመጨረሻ ሐኪሙ ቁርጡን ነገራቸው። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል፤ ሰውነቷ የምታዘውን አይታዘዝላትም፤ እሷ ግን የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ታውቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቆመች» የሚለው ቃል ከቤቱ ወጣ። «ወፌ» የሚለው ግን ቀረና መጠሪያዋ ሆነ።

እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ጠዋት እሷ ስትወጣ ወፌ ከአክስቷ ጋር ወደ ስፌት ቤቱ ትሄዳለች። ተሽከርካሪ ወንበሯ በሸራ ቁርጥራጭና በስፖንጅ ተደላድሎ በሰፊው በር አጠገብ ይቆማል። ስፌት ቤቱን ከሕፃናት መጫወቻው የሚለየው የሽቦ አጥር ብቻ ነው፤ ሸርተቴው፣ ዥዋዥዌው፣ አሸዋው፣ ሁሉም ከበሩ ወለል ብሎ ይታያል። ሸራ ሰፊዋ የልጆቹን ጩኸት ከመልመዷ የተነሳ፣ እነሱ ትምህርት ቤት ሲውሉ ዝምታው መርፌዋን ያሳስታታል። ወፌን በሩ ላይ የምታስቀምጣት አየር እንድታገኝ ብላ ነበር፤ ሌላ ነገር አላሰበችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክር ተበጥሶባት ቀና ስትል የልጅቷን ዓይን አየች። ዥዋዥዌው ላይ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ነበረች። የወፌ ዓይን አብሯት ይሄዳል፣ አብሯት ይመለሳል። ይህ ብቻ ቢሆን ማንም ልጅ የሚያደርገው ነው። ሸራ ሰፊዋ ግን አንድ ነገር ጠረጠረችና ጠጋ ብላ መዳፏን የወፌ ደረት ላይ አሳረፈች። ባለ ሹራቧ ወደ ላይ ስትወጣ ወፌ ትንፋሿን ትስባለች፤ ጫፍ ስትደርስ ትይዘዋለች፤ ስትወርድ ትለቀዋለች። አንድም ጊዜ አልሳተችም። ባለ ሹራቧ ወርዳ ሌላ ልጅ ተተካ። እሱ ፈጠን ያለ ነበር፤ የወፌም ትንፋሽ ፈጠነ።

አክስቲቱ እጇን ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ስንት ዘመን እዚያ በር ላይ ስታስቀምጣት፣ ልጅቷ ከወንበሯ ሳትነሳ ስትወዛወዝ ኖራለች። እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስለ ክር መወደድ ስታጉረመርም፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ ሰማይ ነክታ ስትመለስ ትውል ነበር። የምታውቃት ልጅ ሳትሆን አሁን ገና የመጣች እንግዳ መሰለቻት።

የዚያኑ ዕለት ሥራዋን አቁማ ወፌን ወደ መጫወቻው ገፋቻት። መግቢያው ከፍ ያለ የድንጋይ ደፍ አለው፤ ወንበሩን ታግላ አሳለፈችው። ከደፉ ወዲያ አሸዋ ነው፤ ጎማው እስከ ግማሹ ሰመጠ። ወንበሩን እዚያው ትታ ልጅቷን ታቀፈችና ዥዋዥዌው ጣውላ ላይ አብራት ተቀመጠች። ጣውላው ለሁለት አይበቃም። ወፌ ስትፈራም ስትደሰትም ሰውነቷ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ደረቀችና መንሸራተት ጀመረች። አክስቲቱ ሰንሰለቱን ትያዝ ልጅቷን ትያዝ ግራ ገባት። ወርዳ አሸዋው ላይ ዘፍ አለች። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች አዩዋቸው። ወፌ አላለቀሰችም። ባዶው ጣውላ ወዲያና ወዲህ እያለ ነበር፤ እስኪቆም ድረስ አየችው።

ሸራ ሰፊዋ ተመልሳ ካላት ሸራ ሁሉ ጠንካራውን አወረደች። የጭነት መኪና የሚያለብስ እጅ ለአንዲት ቀላል ልጅ መቀመጫ መስፋት አያቅተውም ብላ ነበር፤ ሥራ ግን ንቀት አይወድም። ከረጢት የመሰለ መቀመጫ ሰፋች፤ በወፍራም ማሰሪያ ከጣሪያው ብረት አንጠለጠለችው፤ ወፌን አስገባቻት። ሸራው ተጣጠፈባት። ልጅቷ ወደ ውስጥ ሰመጠች፣ አገጯ ደረቷ ላይ ተደፋ፣ ትንፋሿ ያንኮራፋ ጀመር። እናቷ ከሥራ የደረሰችው ልክ በዚያች ደቂቃ ነው።

እናትየው አልጮኸችም። ልጇን ከሸራው አወጣቻት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጀርባዋን አሸችላት፤ ከዚያ ቀና ብላ ታላቅ እህቷን አየቻት።

«ልጄ ሸራ አይደለችም» አለች።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ወሬ ጠፋ። ምግብ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይነሳል፤ «ጨው በዛ» የሚል እንኳ የለም። ሸራ ሰፊዋ ምላሷ ለሾፌር እንጂ ለእህቷ እንደማይሆን ያኔ አወቀች። መቀመጫውን ቀድዳ ልትጥለው አሰበችና መልሳ አጣጠፈችው። በማግስቱ የእህቷ የዕረፍት ቀን ስለነበር ልጅቷን ለእሷ ትታ፣ መቀመጫውን በብብቷ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች።

እዚያ ወፌን የምታክማት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ሴት። ባለሙያዋ የተበላሸውን መቀመጫ አገላብጣ አየችው እንጂ አልሳቀችም። ሸራ ሰፊዋን ከፍ ያለ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት፤ እግሯን እንድታንጠለጥል፣ ጀርባዋን ምንም እንዳታስደግፍ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እንድትቆይ ነገረቻት። ቀላል መስሏት ነበር። ጥቂት ሳትቆይ ወገቧ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ትከሻዋ ጋለ፣ አንገቷ አልታዘዝ አለ። ያ የሚደነቅ ክንዷ ምንም አልረዳትም።

«ወፌ ዝም ብላ የተቀመጠች በሚመስልዎት ጊዜ ሁሉ» አለች ባለሙያዋ፣ «እንዲህ እየሠራች ነው።»

ከዚያ ምን እንደሚያስፈልግ በእርጋታ አስረዳቻት። ሸራው ሥር የማይታጠፍ ጠንካራ ነገር ይግባ፤ ጉልበቷ ከዳሌዋ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ዳሌዋ በቀበቶ ይያዝ፤ እግሯ የምታሳርፍበት ታግኝ፤ ጭንቅላቷ ከግራም ከቀኝም ይደገፍ። ሸራ ሰፊዋ እየሰማች ነበር፤ ልቧ ግን አልጋው ላይ ቀርቷል። እሷ ከሸራ ጋር ስትታገል ሰው ያያታል፣ ጉልበቷ ይወራላታል። ያቺ ልጅ ከነጋ እስኪመሽ ከገዛ ክብደቷ ጋር ስትታገል ግን ማን አይቶላታል? ወደ ቤት ስትመለስ ወፌ እንደወትሮዋ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። አክስቲቱ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት፤ ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሳ ነው ጎንበስ ያለችው።

አዲሱን መቀመጫ ወለል ላይ ዘርግታ ስትቆርጥ እህቷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ገብታም አልገባችም። የተሳለውን መስመር፣ የተቀመጠውን ጣውላ፣ ለጭንቅላት የተዘጋጀውን ስፖንጅ ረጋ ብላ አየች። ኋላ ቁጢጥ አለችና ጠመኔውን ከታላቋ እጅ ወሰደች።

«አንገቷ ወደ ግራ ነው የሚያዘነብለው» አለች። «የግራውን ከፍ አድርጊው፣ እትዬ።»

እርቁ ይኸው ነበር። ሌላ ንግግር አላስፈለገም።

ብረቱን የሠራላቸው ጎረቤታቸው በያጁ ነው። ሰውየው አጭርና ድብልብል ስለሆነ ከሚሠራበት የጋዝ ዕቃ ጋር አመሳስለው ሰፈርተኞች «ሲሊንደሩ» ይሉታል፤ እሱም ለምዶት ስልክ ሲያነሳ «ሲሊንደሩ ነኝ» ይላል። የዥዋዥዌውን ቋሚ ከወፍራም ቱቦ በየደውና መጀመሪያ በሲሚንቶ ከረጢት ፈተነው። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። አላመነውም፤ ራሱ ተንጠለጠለበት። እግሮቹ ከመሬት ተነስተው ሲፈራገጡ ያዩት ሾፌሮች፣ ይህ ብረት ከእንግዲህ ዝሆንም አይፈራም አሉ።

የቀረው መጫወቻው ውስጥ ለመትከል ፈቃድ ማግኘት ነበር። የመጫወቻው ኃላፊ ጡረታ የወጣ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ልጅ በወደቀ ቁጥር የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ አዲስ ነገር ሲያይ ፊቱ ይከብዳል። መጣ፣ ብረቱን ነቀነቀ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተነ፣ ባለሙያዋን አስጠርቶ ብዙ ጠየቃት። ከዚያ ሸራ ሰፊዋ ያልጠበቀችውን ተናገረ። ዥዋዥዌው እንዳላስጨነቀው፣ የሚያስጨንቀው ደፉና አሸዋው መሆኑን፣ ልጅቷ በሰው ክንድ ሳይሆን በገዛ ወንበሯ እስከ ዥዋዥዌው መድረስ እንዳለባት ነገራት። የድንጋይ ደፉን አስነሳው፤ ከመግቢያው እስከ ዥዋዥዌው ድረስ ንጣፍ ድንጋይ አስነጠፈ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ዥዋዥዌው የወፌ ብቻ ከሆነ አይሆንም፣ ለመጣ ልጅ ሁሉ መሆን አለበት። ሸራ ሰፊዋ በደስታ እሺ አለች። በልቧ ግን ሌላ ማን ይመጣል ስትል አሰበች። በዚህ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፤ እንደ ወፌ ያለ ልጅ አይታ አታውቅም።

ዥዋዥዌው የተሰቀለበት ጠዋት ፀሐዩ ገና ለስላሳ ነበር። ወፌ በገዛ ወንበሯ፣ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ፣ በንጣፉ ላይ ገባች። እናቷ አስቀመጠቻት፣ ባለሙያዋ ቀበቶውን አስተካከለች፣ አክስቷ ስፌቱን ሁሉ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሁሉም ወደ ኋላ አሉና እናቷ ቀስ አድርጋ ገፋቻት።

የወፌ እጆች ከተወለደች ጀምሮ ጭብጥ ናቸው። አውራ ጣቷን ውስጥ ቀብራ ነው የምትጨብጠው፤ ሲያጥቧት ጣቶቿን አንድ በአንድ እያባበሉ ይፈቷቸዋል። ዥዋዥዌው ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። መጀመሪያ ሰውነቷ ደርቆ ነበር። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። ጉልበቷ ላላ። ከዚያም ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳያባብላት፣ የቀኝ እጇ ጣቶች እንደሚተረተር ስፌት አንድ በአንድ ተፈቱ። የግራውም ተከተለ። መዳፏ ተዘረጋ፤ ነፋሱ በጣቶቿ መሃል አለፈ። መዳፏ ውስጥ ያለው ቆዳ ፀሐይ አይቶት ስለማያውቅ እንደ አራስ ልጅ ቆዳ ነበር።

እናቷ መግፋቱን ረሳችው። ዥዋዥዌው በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወፌ አፏን ከፈተችና ድምፅ አወጣች፤ ሳቅ ነው እንዳይባል ከሳቅ የረዘመ፣ ዘፈን ነው እንዳይባል ቃል የሌለው፣ ወደ ላይ ስትወጣ አብሯት የሚወጣ፣ ስትወርድ የሚወርድ ድምፅ። ሸርተቴው ላይ የነበሩት ልጆች ባሉበት ቆመው ሰሙ። ሲሊንደሩ ዞር ብሎ አፍንጫውን ጠረገ። ሸራ ሰፊዋ ድምፁን ተከትላ አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። ይህን ድምፅ ልጅቷ የት አስቀምጣው ኖረች? በዚያች ትንሽ ደረት ውስጥ ሌላስ ስንት ነገር አለ?

ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ገና ነበር።

ወሬው እግር አውጥቶ ሰፈሩን ዞረ። በማግስቱ አንዲት አሮጊት ትልቅ ልጅ በጀርባቸው አዝለው መጡ፤ የልጁ እግር እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርስ ነበር። ቀጥሎ አንድ አባት ሴት ልጁን በዕቃ መግፊያ ጋሪ አምጥቶ መግቢያው ላይ ቆመና፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ለእነሱም ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀ። በሳምንቱ ውስጥ ሌሎችም መጡ። ፀሐይ ያልለመዱ፣ ዓይናቸውን የሚያጨናብሱ፣ የሌላ ልጅ ጩኸት የሚያስደነግጣቸው ልጆች። ሸራ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ስታያቸው፣ ከቤቷ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የምትዋሰነው ጎረቤቷ አንዲት ኮረዳ ልትሆን የደረሰች ልጅ ይዛ ብቅ አለች። ሰላም ሲባባሉ ዘመን የሆናቸው ሰዎች ናቸው። ልጅ እንዳላት ግን ሸራ ሰፊዋ አታውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ወዴት ላወጣት ብዬ ልንገርሽ?» አለች ጎረቤቷ።

ሸራ ሰፊዋ ቀና ብላ መንገዱን አየችው። እነዚያኑ በሮች፣ እነዚያኑ መስኮቶች። ሁሉንም የምታውቃቸው ይመስላት ነበር፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ። ከእያንዳንዱ ግድግዳ ጀርባ አንድ ልጅ ትንፋሹን ከውጭ ጩኸት ጋር እያስተካከለ ተቀምጦ ይሆናል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ሰፋባት።

ቀሪውን ልጆቹ ራሳቸው ጨረሱት። ማንም ሳይነግራቸው ወፌ ዓይኗን ስትጨፍን «ግፉኝ»፣ ወደ ጎን ስታይ «ይበቃኛል» ማለቷ እንደሆነ አወቁ፤ እናቷ እንኳ ከእነሱ ነው የሰማችው። ሲሊንደሩ የአሸዋውን መጫወቻ በጠረጴዛ ቁመት ከፍ አድርጎ ሌላ ሠራ፤ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ይቆፍራል። ሸራ ሰፊዋም በመኪና ልብሶች መሃል መቀመጫ ትሰፋ ጀመር፤ አንዱ ልጅ ቀኙ ይደገፍለታል፣ አንዷ ወገቧ። የወፌ አባት ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ካረፈባቸው ከተሞች መቀመጫ የሚሹ ልጆችን ልክ ይዞላት ይመጣል።

አንድ ማለዳ፣ መጫወቻው ገና ባዶ ሳለ፣ ከመንገዱ ማዶ በረንዳ ላይ የሚሠራው ጫማ ሰፊ በሁለት ምርኩዙ እየተደገፈ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ነው። በልጅነቱ የያዘው በሽታ እግሮቹን አቅጥኗቸው ቀርቷል። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ የሚሮጡ ልጆችን ጫማ ሲጠግን ኖሯል። ሸራ ሰፊዋ ስፌቶቹን እየመረመረች ነበር። ምርኩዙን እያስተካከለ ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ክር አወራ፤ በመጨረሻ ለትልቅ ሰው የሚሆን ይሰፋ እንደሆነ ጠየቃት። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና እዚያው ቆሞ እንዳለ ትከሻውንና ወገቡን ለካችው። እሱም አዲስ ልብስ እንደሚለኩት ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመላት።

መቀመጫው ያለቀ ዕለትም የመጣው በማለዳ ነው። ሲሊንደሩ ደግፎ አስቀመጠው፤ ምርኩዞቹን አጥሩ ላይ አስደገፉለት፤ ሸራ ሰፊዋ ከኋላው ሆና ገፋችው። እግሮቹ ከመሬት ተለይተው ሲሄዱና ሲመለሱ አያቸው። ጥቂት ቆይቶ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ነጩ ፀጉሩ በነፋሱ ተነሳ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት ወደ ኋላ ሳይዞር።

ሸራ ሰፊዋ ልጅ ሳለች የተወዛወዘችበትን ጊዜ ልታስታውስ ሞከረች፣ አልመጣላትም። ሌላ ምን ታድርግ፣ ሄዳ አጠገቡ ያለው ጣውላ ላይ ተቀመጠች፤ ሰንሰለቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና እግሮቿን ከመሬት አነሳች።